ከአስር ስንት?

ጉሙ ከጦሳ ላይ ቁልቁል ተንሸራቶ
ፒያሳን ሲውጣት ደረጃውን ትቶ፣
ከደረጃው ሥር ነው ይማም የሚቀመጥ፣
በጎማ ሸራ ላይ አሮጌ የሚሸጥ።
«አሮጌ» ካልከው ግን ፊቱ ይጠቁራል፤
«የቆየ በል» ብሎ መነጽር ያጠራል።
ኮሚኩን ሲያነሳ በሁለት መዳፉ
ጫጩት የያዘ ነው፣ አይተነፍስ አፉ።

«መጀመሪያ ጀርባው። ታጥፏል? ተሰንጥቋል?
ስፌቱ ሽቦ ነው፤ ዝገቱ የት ዘልቋል?
ማዕዘኑ ዶልዱሟል ወይስ እንደ ጥፍር ሹል ነው?
በጣትህ አትንካ፤ በዓይንህ ነው የምትዳብሰው።
ቀለሙን ፀሐይ ጠጥቶታል? ወረቀቱ ሻይ መስሏል?
ሽታውስ? አሽትተው! እርጥበት ገብቶበት ውሏል?»
ከዚያ በእርሳስ ይጽፋል፣ ከአስር ስንት እንደሆነ፤
ዘጠኝ ሰጥቶ አያውቅም፤ እጁ ከዘጠኝ የመነነ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እንመጣለን፤ ሦስት ነን፣ ብንበዛ አራት፦
የባንኩ ዘይኑ በላስቲክ ሸፍኖ፣ ነርሷ መኪያ በራጅ ፖስታ ይዛት፣
እኔ በፌስታል። ፍርድ ቤት እንደቆመ ሰው እንጠብቃለን፤
አምስት ሲሰጠን እንሳሳማለን፣ አራት ሲሰጠን እንጣላለን።

እነዚህ ጀግኖች ደሴን ያዩት እንዲህ ነው፦
መርከበኛ የጣለውን ሾፌር አንስቶት፣
ከመሪው በላይ፣ መስታወት ሥር፣ ፀሐይ አቃጥሎት፣
በአሰብ መንገድ፣ በባቲ ሙቀት፣
ኮምቦልቻ አድሮ፣ በሐረጎ ዳገት
በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የወጣ —
የሚበር ጀግና በኤንትሬ መጣ።

የእኔዋ ቁጥር አስራ ሁለት ናት።
ባለ ወይንጠጅ ካባው ከፎቅ ተገፍትሮ ይወድቃል፤
መሬት ሳይደርስ፣ አየር ላይ፣ ታሪኩ ያልቃል።
የመጨረሻዋን ቅጠል አክስቴ ጦይባ ገንጥላ
አብሽ ሸጠችባት፣ ሰኞ ገበያ ውላ።
ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በአራተኛው፣ ወንድሜ አበጋዝ
ከሒሳብ ደብተሩ ገጽ ቀደደ፤ «በቃ፣ አትነዝንዝ!»
በእርሳስ ጦሳን ሳለ፣ ከጦሳ በላይ ጉም ከመረ፣
ጀግናውን ጉሙ ላይ አሳረፈው፤ ሰውየው አልተሰበረ።
ካባው ተቀድዶ ነበር፤ አንዲት ሴት ስትሰፋለት፣
ከታች «ደኅና ገባ» ብሎ አድምቆ ጻፈለት።
በዱቄት ሙጫ ለጠፋት።

አርባ ክረምት አለፈባት። ይማም ገለጠ፣ ገለጠ፣ ቆመ፤
«ባዕድ ወረቀት» አለ፣ እንደ ሐኪም አጉተመተመ።
«ሙጫ። የልጅ እርሳስ። የነቀዝ ጥርስ። ሁለት፤ እሱም ለይሉኝታ።
ነቅለህ ብታመጣት ሦስት ተኩል፤ አስብበት እስከ ማታ።»
ነቅለህ!
ሁለቴን ጃኬቴ ውስጥ አቅፌ፣ በዝናብ ወጣሁ።

እሑድ ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ ሙቀቱ ጃኬት አስወለቀኝ።
አበጋዝ በሩ ላይ፣ በምርኩዝ ቆሞ ጠበቀኝ።
ሠላሳ ዓመት የፋብሪካ ጥጥ ደረቱ ውስጥ ያፏጫል።
ልማድ ክፉ ነው፤ ዓይኔ ሳላዘው ዳበሰው፦
ጀርባው ታጥፏል። ማዕዘን የለው። ፀሐይ ጠጥቶታል ይሄን ሰው።
አፈርኩ። ቁጥሩን ሳልጨርስ ጣልኩት፤
አስራ ሁለትን ከፌስታል አውጥቼ ሰጠሁት።

መነጽሩን ፈለገ፣ አጣ፣ የእኔን ወሰደ፣ ገለጠ።
ሰውየው ሲወድቅ፣ እንደ ድሮው፣ አፉን ከፍቶ አፈጠጠ።
ከዚያ እርሳሷ ገጽ ላይ ደረሰ። ቆየ። «ማን ነው» አለ፣
«ይሄን የሳለ? እጁ አይረባም፤ ተራራው ግን ጦሳን መሰለ።»

«አንተ ነህ» ልል ነበር፤ እሱ ግን ወደ መስኮቱ ዞሮ
ብርሃን ላይ አዘነበላት፤ እንደገና አያት፣ አተኩሮ፣
«ደኅና ገባ» የምትለውን በጣቱ እየተከተለ፤
ግራሶ ባልለቀቀው ጣት፤ አሻራው ገጿን በከለ።

መዝገቤ ላይ እንዲህ ሰፍራለች፦ ቁጥር አስራ ሁለት፤
ባዕድ ወረቀት፣ ሙጫ፣ ነቀዝ፤ አዲስ የጣት አሻራ አለባት።
ከአስር ስንት? ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።
ይማም ከጆሮው ጀርባ እርሳስ መዝዞ ያቀብለኛል፤
«ጉም ነው፣ አይታየኝም» እለዋለሁ።